ፎቶውን ለማያይ አንባቢ፦ በሕይወት ታሪክ ገጾች ላይ የምስል መግለጫ አጻጻፍ

የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ስንከፍት ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ፎቶው ላይ ነው። ወጣት ነው ሽማግሌ? ኮስታራ ነው ፈገግተኛ? አንድ መስመር እንኳ ሳናነብ ይህን ሁሉ አውቀናል። ማየት የተሳነው አንባቢ ግን በዚያው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ምስል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ባስ ሲልም የፋይሉ ስም ይነበብለታል፤ ካሜራው የሰጠው የፊደልና የቁጥር ጋጋታ።

ይህን ማስተካከል ፕሮግራመር መሆንን አይጠይቅም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስቦ መጻፍ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ወይ የባለታሪኩን ስም ብቻ ጽፎ ያልፋል፣ ወይ ፎቶው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይቆጥራል። ሁለቱም ለአንባቢው አይጠቅሙም። በእኔ እምነት የጥሩ መግለጫ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ምስል በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ፣ እዚህ ቦታ ላይ፣ ለምን ገባ? ለዚህ መልስ ካገኛችሁ ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚተው ራሱ ይነግራችኋል።

መግለጫው ለአንባቢው እንዴት ይደርሳል?

ማየት የተሳናቸው ሰዎች ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብላቸዋል፤ ወይም በጣት ወደሚዳሰስ የብሬል መሣሪያ ይልከዋል። በዊንዶውስ ላይ ጆስና ኤንቪዲኤ የታወቁ ናቸው። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ምስል ሲያጋጥማቸው የሚያነቡት ከምስሉ ጀርባ የተቀመጠውን ጽሑፍ ነው። «አልት ቴክስት» ወይም አማራጭ ጽሑፍ ይባላል። ገጹን በዓይኑ ለሚያይ ሰው አይታይም።

ስክሪን ሪደሩ ራሱ «ምስል» ብሎ ስለሚጀምር መግለጫችሁን «ይህ ምስል የሚያሳየው» ብላችሁ አትክፈቱ። አንባቢው አንዱን ነገር ሁለቴ ይሰማዋል። የምስሉ ዓይነት ትርጉም ካለው ግን ተናገሩት፦ የዘይት ቅብ፣ የእርሳስ ንድፍ፣ ሐውልት፣ የጋዜጣ ካርቱን፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ።

ሌላው ነገር፣ መግለጫው አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚነበበው። አንቀጽ የለውም፣ ሊንክ አይይዝም፣ የደመቀ ፊደል የለውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ይቅደም። አንባቢው መሐል ላይ በቃኝ ብሎ ቢያልፍ እንኳ ፍሬ ነገሩን ይዞ ይሄዳል።

«ለማያይ ሰው ስለ ቀለም ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው ያጋጥማል። ይፈይዳል። ዓይነ ስውር ሁሉ አንድ አይደለም። ካደገ በኋላ ዓይኑን ያጣ ሰው ቀለምንም ፊትንም ያስታውሳል። በመጠኑ የሚያይ አለ። ከውልደቱ ጀምሮ ያላየ ሰውም ቢሆን የሐዘን ልብስና የሠርግ ልብስ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ከማንም እኩል ያውቃል። ቀለሙ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ካለው ጻፉት።

1. ከምስሉ በፊት ጽሑፉን አንብቡ

ምስሉን ለብቻው አውጥታችሁ መግለጫ አትጻፉለት። አጠገቡ ያለውን አንቀጽና ከሥሩ ያለውን የግርጌ ጽሑፍ አንብቡ። እነዚያን አንባቢው ይሰማቸዋል። የግርጌ ጽሑፉ ስሙን፣ ዓመቱንና ቦታውን ከተናገረ እናንተ መድገም የለባችሁም። የእናንተ ሥራ ዓይን ብቻ የሚያገኘውን መጨመር ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ የሚያሳይ ፎቶ ያዛችሁ እንበል። የግርጌ ጽሑፉ «አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ፣ 1960» ይላል። መግለጫው ላይ ይህንኑ ደግሞ መጻፍ ባዶ ድካም ነው። ሰው ይህን ፎቶ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ለእግሩ ነው። እንግዲያው፦ «አበበ በባዶ እግሩ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ይሮጣል። ማልያው ላይ 11 ቁጥር አለ። ጊዜው ጨለማ ነው፤ በመንገዱ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል።» ባዶ እግሩ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ችቦው ደግሞ ውድድሩ ከመሸ በኋላ እንዳለቀ ይነግረናል። ይህን የምትጽፉት ግን ችቦው በያዛችሁት ፎቶ ላይ ከታየ ብቻ ነው።

ዝርዝር የሚመረጠው በታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተነሳ አንድ ፎቶ አለ፤ ማየትም መስማትም የተሳናት ትንሿ ሔለን ኬለር ከመምህሯ ከአን ሰሊቫን ጋር ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አሻንጉሊት አለ። በሌላ ልጅ ፎቶ ላይ አሻንጉሊቱን ብታልፉት የሚጎድል ነገር ላይኖር ይችላል። እዚህ ግን አይታለፍም። ሰሊቫን ለሔለን መጀመሪያ በእጇ መዳፍ ላይ የጻፈችላት ቃል «አሻንጉሊት» ነበር። የሔለን እጅ የመምህሯን እጅ መያዙም እንዲሁ፤ ትምህርቱ ሁሉ በእጅ የተሰጠ ነውና።

2. መግለጫ የማያስፈልገውን ለዩ

ገጹን ለማስዋብ ብቻ የገባ መስመር፣ አበባ ወይም የጀርባ ንድፍ መግለጫ አይጻፍለትም። አልቱ ባዶ ይተዋል፤ ስክሪን ሪደሩም ዝም ብሎ ያልፈዋል። አልቱን ባዶ ማድረግና ጭራሹን አለማስገባት ግን ይለያያሉ። ጭራሹን ከሌለ ያ የፋይል ስም ጋጋታ ሊመጣ ይችላል።

ምስሉ ሲነካ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነም ወዴት እንደሚወስድ ይነገር።

የባለታሪኩ ፎቶ ግን ጌጥ አይደለም። «ፊቱ ብቻ ነው፣ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ባዶ አትተዉት። የሰውየው መልክ የታሪኩ አካል ነው።

3. የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ የት። ይህን በአንድ ትንፋሽ ጻፉ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዝርዝር ጨምሩ።

አልበርት አንስታይን ምላሱን ያወጣበትን ፎቶ ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1951፣ 72ኛ ልደቱን ባከበረበት ቀን የተነሳ ነው። ስሙን ብቻ መጻፍ አንባቢውን ዜሮ ላይ ያስቀረዋል። «በዓለም የታወቀው አስቂኙ ፎቶ» ማለትም አይጠቅምም፤ ምኑ አስቂኝ እንደሆነ አልተነገረምና። «አንስታይን ዓይኖቹን አፍጥጦ ምላሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ካሜራው አውጥቷል። ነጭ ጸጉሩ ተንጨባሯል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጢም አለው።» በቃ።

ይህ ፎቶ አንድ ሌላ ነገርም ያስተምራል። ብዙ ቦታ የምናየው ተቆርጦ ፊቱ ብቻ የቀረውን ነው። ሙሉው ፎቶ ላይ አንስታይን መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ በሁለት ሰዎች መሐል ተቀምጧል። እናንተ የምትገልጹት ገጹ ላይ ያለውን ቅጂ ነው። መኪናው ካልታየ መኪና አትበሉ። ከምስሉ ውጪ የምታውቁት ጠቃሚ ነገር ካለ ሁሉም አንባቢ በሚያገኘው ቦታ፣ በጽሑፉ ወይም በግርጌው፣ ይግባ። የሚያይ ሰው የማያገኘውን መረጃ አልት ውስጥ መደበቅ ልክ አይደለም።

4. ሰውን ስትገልጹ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል።

የሚታየውን ጻፉ፣ ስሜቱን አንባቢው ይድረስበት። «ደስተኛ ነው» ግምት ነው፤ «ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ብሏል» እውነት ነው። «በሐሳብ ተውጣለች» ከማለት «አገጯን በእጇ ደግፋ ወደ መስኮቱ ታያለች» ማለት ይሻላል። «ውብ»፣ «ግርማ ሞገስ ያለው»፣ «አሳዛኝ» የሚሉ ቃላትን ተዉአቸው። የሚያይ አንባቢ ፎቶውን አይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የማያየውም ያው መብት አለው።

ዕድሜን በግምት መናገር ይቻላል፦ «በሃያዎቹ ውስጥ ያለች የምትመስል ወጣት»። ፎቶው የተነሳበት ዓመት ከታወቀ ግን እሱ ይበልጣል።

የቆዳ ቀለምን በተመለከተ አንድ መርህ ያዙ፦ ለአንዱ ከጻፋችሁ ለሁሉም ጻፉ። የአንዱን ሰው ብቻ መጥቀስ ሌላው «የተለመደው» ነው እንደማለት ነው። ታሪኩ በዘር መድልዎ ላይ ስለታገለ ሰው ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ከመላው ክፍል ብቸኛው ጥቁር ከሆነ፣ ይህ የፎቶው ዋና መልእክት ሊሆን ይችላል። ያኔ መሸሽ አንባቢውን ማታለል ነው።

ስለ አካል ጉዳትም እንዲሁ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1921 በያዘው ሕመም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከ1933 እስከ 1945 አሜሪካን ሲመራ ግን በዊልቸር ላይ ሆኖ ሕዝብ እንዲያየው አይፈልግም ነበር። በዊልቸር የሚያሳዩት ፎቶዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ በ1941 የተነሳው ነው፤ ውሻው ጭኑ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገቡ ቆማ። «ሩዝቬልት ከውሻውና ከአንዲት ልጅ ጋር» ብሎ መጻፍ ፎቶው የገባበትን ምክንያት ያስቀራል። «ሩዝቬልት ዊልቸር ላይ ተቀምጧል» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሌላው ይከተላል። ዊልቸሩን ስትጠቅሱ «የታሰረ» ወይም «የሚያሳዝን» እያላችሁ አትጨምሩ። ዕቃውን በስሙ ጥሩት፣ ይበቃል።

በፎቶው ላይ የማታውቁት ሰው ካለ በመልክ ገምታችሁ ስም አትስጡ። «አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው» በሉ።

በአንድ ገጽ ላይ የልጅነት፣ የጎልማሳነትና የእርጅና ፎቶ ካለ ደግሞ ለውጡ እንዲሰማ አድርጉ። በመጀመሪያው ላይ ጸጉሩን ከጠቀሳችሁ በመጨረሻውም ጥቀሱ። የሚያይ ሰው ሦስቱን ፎቶዎች በማነጻጸር ዘመን ሲያልፍ ያያል። በየፎቶው የተለያየ ነገር ከመረጣችሁ ግን አንባቢው የሚያነጻጽረው ነገር ያጣል።

5. ብዙ ሰው ያለበት ፎቶ

እ.ኤ.አ. በ1927 ብራስልስ ላይ በተካሄደው የሶልቬይ ጉባኤ የተነሳው የፊዚክስ ሊቃውንት ፎቶ 29 ሰዎች አሉበት። የ29 ሰው ስም አልት ውስጥ መደርደር አንባቢውን ማሰልቸት ነው። አልቱ አጠቃላዩን ይናገር፣ ባለታሪኩንም ያግኝ።

ገጹ የማሪ ኩሪ ከሆነ፦ «29 ሳይንቲስቶች በሦስት ረድፍ። ማሪ ኩሪ በፊተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ ሆና ተቀምጣለች። ከሁሉም መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት።» ገጹ የአንስታይን ከሆነ ደግሞ፦ «29 ሳይንቲስቶች በሦስት ረድፍ። አንስታይን በፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀምጧል።» ፎቶው ያው ነው፣ መግለጫው ግን ተለወጠ። ከሌላ ገጽ የተቀዳ አልት ብዙ ጊዜ የማይገጥመው ለዚህ ነው።

የሁሉም ስም የሚያስፈልግ ከሆነ ከፎቶው ሥር በተራ ጽሑፍ በየረድፉ ዘርዝሩት። ያኔ የሚያየውም የማያየውም ይጠቀምበታል። ግራና ቀኝ ስትሉ በተመልካቹ ግራና ቀኝ ይሁን፤ ከገጹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትቀያይሩት።

6. ሥዕል፣ ደብዳቤ፣ ካርታ

የሠዓሊ ታሪክ ላይ ሥዕሉ ራሱ ማስረጃ ነውና ሰፋ ማለት ያስፈልጋል። የፍሪዳ ካሎን «ሁለቱ ፍሪዳዎች» እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የተሳለ ነው። አልቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የዘይት ቅብ። ሁለት ፍሪዳዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሁለቱም ልብ ወደ ውጭ ይታያል፤ አንድ የደም ሥር ያገናኛቸዋል። በግራ ያለችው ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ የተቆረጠው የደም ሥር ቀሚሷ ላይ ይደማል። ከኋላቸው ሰማዩ በደመና ታውኳል።» ስለ ልብሶቹ ትርጉምና በዚያው ዓመት ስለተፈጸመው ፍቺዋ ያለው ትንታኔ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይሂድ።

ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ርዕስ ወይም የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ዋናው ነገር ቃሉ ነው። «አሮጌ ደብዳቤ» ማለት ለማንም አይጠቅምም። አጭር ከሆነ ቃል በቃል ገልብጡት። ረጅም ከሆነ አልቱ ላይ ከማን ለማን እንደተጻፈ ተናገሩና ሙሉውን ከሥሩ በጽሑፍ አስቀምጡት። የቤተሰብ የዘር ሐረግና የጉዞ ካርታም እንዲሁ ናቸው፤ በዝርዝር ጽሑፍ ሲቀመጡ ይሻላል። ለፊርማ «የእገሌ ፊርማ» ይበቃል።

7. አሳጥሩ

ከ125 ፊደል አይለፍ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ስለ ድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም የሚሠራበት መመሪያ እንዲህ ያለ ቁጥር አላስቀመጠም። መመሪያው ደብሊውሲኤጂ ይባላል፤ የመጀመሪያው እትም በ1999፣ እትም 2.2 በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መግለጫ የሚያስፈልገው ምስል ሁሉ ጽሑፍ ይኑረው የሚለው ደንብ ቁጥሩ 1.1.1 ነው። ከሦስቱ ደረጃዎች የመጀመሪያው ላይ፣ ማለትም ማንም ሊያሟላው በሚገባው ላይ ይገኛል።

እንደኔ ለተራ ፎቶ ከአንድ እስከ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ልክ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ቃል «አንተ ብትቀር ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሸሚዙ ቁልፍ፣ የወንበሩ እግር፣ ከጀርባ ያለው መጋረጃ ብዙ ጊዜ ይቀራሉ።

8. ለጆሮ ጻፉ

በአማርኛ ስንጽፍ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስክሪን ሪደር ምህጻረ ቃልን እንደ ሰው አይፈታም። ሕዝባርን ወይም ነጥብን እንደ ምልክት ሊያነበው፣ ፊደሉንም ለየብቻ ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ አልት ውስጥ «ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር»፣ «ወይዘሮ»፣ «ዓመተ ምሕረት» ብላችሁ ዘርግታችሁ ጻፉ። ኢሞጂና የኮከብ ምልክት አታስገቡ። ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ዝጉ፤ ድምፁ እዚያ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል።

ድረ ገጹን የምታስተዳድሩት እናንተ ከሆናችሁ የገጹ ቋንቋ አማርኛ ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ገጹ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ ግን በትክክለኛው ድምፅ ላይነበብ ይችላል።

9. ቦታው ላይ አስገቡት

በዊኪፒዲያ ምስል ስታስገቡ ከግርጌ ጽሑፉ ሌላ ለአማራጭ ጽሑፍ የሚሆን የራሱ ቦታ አለ። በዎርድፕሬስ ምስሉን ስትመርጡ በጎን በኩል ይመጣል። ፌስቡክና ኢንስታግራምም ፎቶ ስትለጥፉ በማስተካከያው ውስጥ ያስጽፏችኋል። የግርጌ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉበት።

ፌስቡክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግለጫ በራሱ ይሠራል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፉ መሣሪያዎችም በዝተዋል። ለረቂቅ ተጠቀሙባቸው፣ እንዳለ ግን አትለጥፉ። የሌለ ነገር ይጨምራሉ፣ ሰውን በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ። ፎቶው ለምን እዚያ እንደገባ ደግሞ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

10. አዳምጡት

ኤንቪዲኤ በነፃ ይወርዳል። ገጹን ከፍታችሁ የእንግሊዝኛዋን «ጂ» ፊደል ስትጫኑ ከምስል ወደ ምስል ይዘላል። ስልካችሁ ላይ ከሆነ ቮይስኦቨርን ወይም ቶክባክን ከሴቲንግ ክፈቱት፤ መክፈት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚዘጋም ቀድማችሁ እዩ፣ ምክንያቱም ሲከፈት የጣት አነካኩ ይለወጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገጹን ከላይ እስከ ታች ስሙት። የተደጋገመው፣ የተንዛዛው፣ የተንጠለጠለው ወዲያው ይሰማችኋል።

ከዚያ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ካገኛችሁ ገጹን ላኩለት። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በይሉኝታ ጥሩ ነው ሊላችሁ ይችላል። «ሰውየው ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከመልሱ የጎደለውን አልቱ ላይ ጨምሩ፣ ሳይጠቅሰው ያለፈውን ደግሞ ለመቀነስ አስቡበት።